ለባሕሩ የተመረጠው ፊልም

እኔ ስናደድ አልጮህም፤ ሥራ እሠራለሁ። መስታወት እወለውላለሁ፣ ምንጣፍ አራግፋለሁ፣ ድስት እፈትጋለሁ። ባለፉት ወራት በዚህ የጅዳ ቤት ውስጥ ያልፈተግኩት ድስት የለም። ማዳም ወጥ ቤት ብቅ እያለች «ማሻአላህ፣ ዘንድሮስ ጎብዘሻል» ትለኛለች። አልጎበዝኩም። ንዴት ነው። ግን ምን ብዬ ላስረዳት? በአንድ ጥቅል ፊልም ነው የተናደድኩት ብላት አእምሮዬን የነካኝ ነው የሚመስላት።

ፊልም የምለው የፎቶ ፊልም ነው፤ ካሜራ ውስጥ ገብቶ፣ ታጥቦ ኔጋቲቭ የሚሆነው የድሮው የቀለም ፊልም። ስለ ፊልሙ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ እህቴና ስለ እናቴ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ንዴቴ ለማንም አይገባም።

እኔና ታናሽ እህቴ ከወሎ ወደ ጅዳ የመጣነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ኤጀንሲ ነው። ደላላው «የምትገቡት ሁለት እህትማማቾች ቤት ነው፤ አትለያዩም» ብሎን ነበር። በዚህስ አልዋሸም። እኔ ታላቂቱ ቤት ገባሁ፣ እህቴ ታናሺቱ ቤት። በመጀመሪያው ዓመት ዓርብ ዓርብ ሁለቱ ቤተሰቦች በማዳሞቹ አባት፣ በልጆቹ አያት ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ እኛም ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን የሳምንቱን እናወራ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ማዳሞች ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው እነሱ ሲኳረፉ እኔና እህቴም ሳንኳረፍ መለያየታችንን ነው። የእህቴ ቤት ከኔ ቤት በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። በዚያች ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኜ የእናቴን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላያት ኖርኩ።

እኔ ስልክ አለኝ። የእህቴን ስልክ ማዳሟ ወስዳባታለች። በወር አንድ ቀን በማዳሟ ስልክ፣ ማዳሟ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ለእናታችን አምስት ደቂቃ ትደውላለች። በቪዲዮ አይፈቀድም፤ «ቤቴን ማንም አያየውም» ትላለች ሴትዮዋ። እንግዲህ እናቴ የምትሰማው ድምፅ ብቻ ነው። የኔና የእህቴ ድምፅ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ነው። ጎረቤት በአጥር ማዶ ሲጠራን የቷ እንደመለሰችለት አያውቅም ነበር።

በኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ለማንም አላስረዳም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ታላቅ ወንድማችን በስደት መንገድ ላይ በረሃ ሲቀር፣ ለእናታችን ሳይነገር ስምንት ወር ቆየ። ልቧ ደካማ ነው፣ አዝመራው ይግባ፣ ረመዳኑ ይለፍ እየተባለ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ደህና ነው፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም» እያልን ስንዋሻት የነበርነው እኔና እህቴ ነን። እህቴ እንዲያውም አንድ ሁለቴ «እማ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል» ብላታለች። እናቴ በመጨረሻ ስትረዳ ያለቀሰችው ለወንድማችን ብቻ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ወር ላከ የተባለውን ሰላምታ እያነሳች ነበር የምታለቅሰው።

ስለዚህ የእህቴ ፊት ሦስት ዓመት ሲጠፋባት ምን ልታስብ ትችላለች? አንድ ቀን በቪዲዮ እያየኋት እንዲህ አለችኝ።

«ልጄ፣ ወላሂ አልቆጣሽም። እህትሽ ሞታ እንደሆነ ንገሪኝ።»

«እማ፣ በአላህ! ባለፈው ሳምንት አላናገረችሽም?»

«አንቺ ነሽ ያናገርሽኝ። እሷን ሆነሽ፤ ድምፃችሁ እንደሆነ አንድ ነው። ቀድሞም አድርጋችሁታል።»

«ፎቶዋን ፈልጌ ልላክልሽ?»

«የድሮ ፎቶ ምን ይሠራልኛል? ሁለታችሁም ጎን ለጎን ቆማችሁ አሳዩኝ። ያኔ አምናለሁ፤ እንቅልፍም እተኛለሁ።»

ውሸቱን ያስለመድናት ራሳችን ነን።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ማዳሞቹ የታረቁት። አያትየው ታመው ነበር፤ አልጋቸው አጠገብ ተገናኝተው ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ እርቁን ለማድመቅ በትምህርት ቤቶች ዕረፍት ሁለቱ ቤተሰቦች ኦብሁር በሚባለው የጅዳ ባሕር ዳርቻ አንድ ትልቅ ሻሌ፣ የመዝናኛ ቤት፣ ተከራይተው ሦስት ቀን አብረው እንዲያሳልፉ ተወሰነ። እያንዳንዷ ሠራተኛዋን ይዛ ትመጣለች። ይህን ስሰማ የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ ግንባሬን መሬት አስነክቼ የምስጋና ሱጁድ ማድረግ አማረኝ፤ ቦታው አይሆንም ብዬ ተውኩት። ምንጣፌ ላይ ሄጄ አደረግኩ።

አንድ ችግር ነበር። በዚያ ቤተሰብ ሴቶቹ ባሕር ሲገቡ ስልክ አይያዝም። አንድ ጊዜ የአንዷ ዘመድ ፎቶ ሳትሸፋፈን ተነስታ ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ ትልቅ ጠብ ተነስቷል ይባላል። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ዘንቢል ይቀመጥና ሁሉም ስልኩን ይጥላል፤ የሠራተኞች ስልክ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሰበሰባል፤ የሚመለሰውም ወደ ቤት ሲኬድ ነው። የተፈቀደው አንድ ካሜራ ብቻ ነበር፤ የማዳም ትልቋ ልጅ የያዘችው፣ ከአያቷ ዕቃ መሐል ያገኘችው ያረጀ የፊልም ካሜራ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ጓደኞቿ ሁሉ በፊልም ማንሳት ጀምረው እሷም ዓመት ሊሞላት ነው። ማዳምም «ፊልም ወደ ሰው ስልክ አይዘልም፤ የሚያጥቡትም ሴቶች ናቸው» ብላ ፈቀደችላት።

ልጅቷን ለመንኳት። «ከእህቴ ጋር አንድ ፎቶ አንሺን፤ ለእናታችን ነው» አልኳት፤ ምክንያቱንም ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ወላሂ አነሳችኋለሁ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ንዴቱ ይቀለኝ ነበር።

ከጉዞው በፊት ማዳም ለዑምራ መካ ወረደችና እኔና ልጅቷም አብረናት ሄድን። ሚስፈላ በሚባለው ሰፈር ነበር ያረፍነው። ማዳም ሆቴል ውስጥ ስታርፍ ልጅቷ እግሯን ልታፍታታ ፈለገችና ተከትያት ወጣሁ። ለሐጃጆች መቁጠሪያና ሽቶ ከሚሸጡት ሱቆች መሐል አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለች፤ ለኢቃማ መታወቂያና ለፓስፖርት የምታነሳ። መስኮቷ ላይ የፊልም ካርቶን ተደርድሯል። ልጅቷ በደስታ እየጮኸች ገባች።

ባለ ሱቁ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነው። ቀና ብሎ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አህለን እህቴ! ሐበሻ ነሽ አይደል? እኔም ሐበሻ ነኝ ወላሂ። አያቴ ለሐጅ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አማርኛዬ ሹወያ ሹወያ ነው፤ አትሳቂብኝ።»

ልጅቷ በዐረብኛ ለባሕር ዳር የሚሆን የቀለም ፊልም እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱም ትንሿን ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ ከውኃ ጠርሙሶቹ ጎን ሁለት ዓይነት ካርቶን አወጣ፤ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ሰማያዊ። አረንጓዴው ባለ መቶ፣ ሰማያዊው ባለ አራት መቶ ነበር። የካርቶኖቹን ጫፍ ሳይ አንድ የረሳሁት ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ፤ የመድኃኒት ሽታ፣ የጨለማ ክፍል።

ሰው አገር ከመምጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ አምስት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ፊልም አጥቤያለሁ፣ አትሜያለሁ፣ ሠርግ አንስቻለሁ። ዲጂታሉ መጥቶ ፎቶ ቤታችንን እስኪዘጋው ድረስ እንጀራዬ እሱ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ሸማ ለብሶ ጥቁር ፊት ይዞ ሰው በመጣ ቁጥር «ብርሃኑን ከጉንጩ ላይ ለኪ! የመጣው ፊቱን ሊወስድ ነው እንጂ ሸማውን ሊወስድ አይደለም» ብለው ይጮሁብኝ ነበር። ነጭ ነገር ካሜራን ያታልላል፤ ብርሃን በቃኝ ያስብለዋል፤ ሸማው ያምርና ፊቱ ይጨልማል። የባሕር ዳር አሸዋም ያው ሸማ ነው፤ ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ይብሳል።

ልጅቷ አረንጓዴውን አነሳች። «ይኸኛው የባሕሩን ሰማያዊ አጉልቶ ያወጣል ይላሉ» አለች።

«ያወጣል» አልኳት፤ «ፀሐይ በደንብ ካለ ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ሰው ለማንሳት ግን ሰማያዊውን ያዢ። አራት መቶ ነው፤ በትንሽ ብርሃንም ይሠራል፤ ካሜራው ላይ ሁለት መቶ ነው ብለሽ ሙዪው፤ ያኔ እጥፍ ብርሃን ይሰጠዋል። የቀለም ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል። ሲያንሰው ነው የማይችለው።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። አራት ዓመት ጫማዋን የማነሳላት፣ ፀጉሯን የምሠራላት ሴት ድንገት ሌላ ሰው ሆንኩባት።

«አንቺ ይህን ከየት አወቅሽው?»

«ሥራዬ ነበር።»

«ወላሂ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ የመደነቅ ነበር፤ እኔን ግን ከፋኝ። እዚህ ቤት ስገባ ምን ሥራ ትችያለሽ ያለኝ አልነበረም። የጠየቁኝ ሩዝ መቀቀል እችል እንደሆነ ነው።

ባለ ሱቁ ግን አልሳቀም። ሰማያዊውን ካርቶን ወደሷ ገፋ አድርጎ «ስሚያት» አላት፤ «ባለሙያ ናት። በተለይ እንደኔና እንደሷ ላለ ፊት ይኼ ነው። አረንጓዴውን ለባሕሩ ያዢ፣ ሰማያዊውን ለሰው።» ለኔ ደግሞ በአማርኛ ጨመረ፤ «እህቴ፣ ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ሙሽኪላ ነው፤ ችግር ያመጣል።»

ልጅቷ ከሁለቱም አንድ አንድ ገዛች። ከሱቁ ስንወጣ «የኔና የእህቴ በሰማያዊው ነው፤ እሺ?» አልኳት። «እሺ፣ ኻላስ፣ በሰማያዊው» አለች። በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝነቴ አሁን ይገርመኛል።

ሻሌው ውስጥ እህቴን ሳገኛት ሩዝ እያጠበች ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ እንደ ሁልጊዜው አንድ እግሯ ላይ ተደግፋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ። ከስታለች። ዞር ስትል ቧንቧው እንደተከፈተ ቀረ። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እሷ ናት፤ «እቴቴ፣ ሽበት አወጣሽ!» አለችና ሳቅን። ያለቀስነው በኋላ ነው፤ ዓሣ እያጸዳን።

ሦስቱን ቀን ሴቶቹ ሲዋኙ እኛ በሙሉ አባያ ፎጣ ይዘን አሸዋ ላይ እንቆማለን፤ ሲወጡ እናለብሳለን፤ ሲርባቸው እናበላለን። አልከፋንም። ጎን ለጎን ነና። እህቴ ስለ እናታችን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ሞታለች ብላ ነው እንዴ የምታስበኝ?» አለች። «ለዚህ ነዋ ስደውልላት ‹የልጅነት ቅጽል ስምሽን ንገሪኝ› እያለች የምትፈትነኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ቶሎ ብላ «ፎቶውን መቼ ነው የምንነሳው?» አለችኝ። በየሰዓቱ ትጠይቀኝ ነበር። ልጅቷም «ነገ፣ ነገ» ትለን ነበር።

የሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ዕቃ መጫን ተጀመረ። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ እየሮጠች የመጣችው። «ያላ! ያላ! ሰማዩን እዩት! ኑ፣ ቁሙልኝ!» አለች። ፎጣውን ጥለን ሄድን። እህቴ ሻሿን አስተካከለች፤ እኔም ፊቴን በእጄ ጠረግኩ።

«ውስጥ ያለው የትኛው ነው?» አልኳት።

«አረንጓዴው።»

«ሰማያዊውስ?»

«እሱማ የመጀመሪያው ቀን አለቀ። ቤት ውስጥ ኬክ ስንቆርስ ጨለማ ነበር፤ አንቺ ራስሽ በትንሽ ብርሃን ይሠራል ብለሽኝ የለ?»

ልጣላት ነበር። ግን ጊዜ አልነበረም። «ግድ የለም» አልኩ፤ «እኛ ወደ ባሕሩ እንዙር፣ አንቺ ጀርባሽን ለባሕሩ ስጪ። ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ትውደቅ።» ተዟዟርን። ልጅቷ ካሜራውን ስታነሳ ከበረንዳው ማዳም ጮኸች፤ «ወደ ቤቱ አታንሺ! ሴቶቹ አልተሸፋፈኑም!» እውነቷን ነው፤ ከኋላችን በረንዳው ላይ ፀጉራቸውን የሚያደርቁ ሴቶች ሞልተዋል። ወደ ጎን እንዳንል በሁለቱም በኩል የሌሎች ሰዎች ሻሌ ነው። እንግዲህ የቀረን ባሕሩን ከኋላችን ማድረግ ነው፤ ፀሐይዋንም አብሮ።

«እሺ» አልኩ፤ «እንግዲያው ካሜራውን ይዘሽ ወደ ፊቴ ቅረቢ። ብርሃኑን ከጉንጬ ላይ ለኪ፤ ከዚያ ሳትነኪው ወደ ኋላ ሂጂና አንሺ።»

«እንደዚያ ካደረግኩ ሰማዩ ይነጣል። ባሕሩም ይጠፋል።»

«ባሕሩ ይጥፋ!» አልኳት።

ጮኼ ነው ያልኩት። በዚያ ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት ድምፄ እንደዚያ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ ካሜራውን ከዓይኗ አወረደችው። በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶችም ዞረው አዩኝ። እህቴ በአባያዋ ሥር ክንዴን ቆነጠጠችኝና በጆሮዬ «እቴቴ፣ ባላህ ተይ። ጭራሽ ትተወናለች። ታንሳን ብቻ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ዛሬ ድስት የሚያስፈትገኝ ያ ዝምታ ነው። የማውቀውን እያወቅኩ፣ የሚሆነውን በዓይኔ እያየሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። ካሜራው አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አለ። ፊልሙም አለቀ። ያን ቀን ማታ እህቴ ወደ ቤቷ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድን፤ አያትየው ስለታመሙ የዓርቡ ስብሰባም አልቀጠለም።

ፊልሙ ታጥቦ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጅቷ ፎቶዎቹን ይዛ እየዘለለች ወጥ ቤት ገባች። «የሁሉም ቆንጆ የናንተ ናት! እያት!» ብላ ሰጠችኝ።

ሰማዩ ደም መስሏል። ባሕሩ ወርቅ ነው። ፀሐይዋ በእህቴና በኔ ትከሻ መሐል ገብታለች። መሐል ላይ ሁለት ጥቁር ነገሮች ቆመዋል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አገላበጥኳት።

«ፊታችን የታለ?»

«ጥላ እኮ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው» አለችኝ በፍቅር። «ማን እንደሆናችሁ አይታወቅም፤ ማንም ልትሆኑ ትችላላችሁ።»

ማንም። እናቴ የፈለገችው ማንንም አልነበረም። እኔንና እህቴን ነበር።

ልጅቷ ፎቶውን አሳድጋ አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያደንቃል፤ «ምን ዓይነት ዓይን ነው!» ይላታል። መስታወቱን የምወለውለው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ቡና ሳቀርብላት ወደ ፎቶው እያየች «እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ወደኔ ጠቆመች፤ እንግዳዋም አይታኝ «አይመስልም» አለች። ምን ልመስል?

ማዳም ቀጥሎ መካ ስትወርድ ኔጋቲቩን ከልጅቷ ለምኜ ይዤ ሄድኩ። በውስጤ ትንሽ ተስፋ ነበረች፤ ምናልባት ያጠቡት ሰዎች ሲያትሙ አጨልመውት ይሆናል፣ ኔጋቲቩ ላይ ትንሽ ነገር ይኖራል ብዬ። የሚስፈላው ባለ ፎቶ ቤት መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ማየት ባልፈልግም ዓይኔ ሥራውን ያውቃል። ኔጋቲቭ ላይ ብርሃን የነካው ይጠቁራል፣ ያልነካው ባዶ ይሆናል። ሰማዩ ጠቁሯል። ፊታችን ያለበት ቦታ ግን እንደ መስኮት ወዲያ ማዶ ያሳያል።

«አረንጓዴው ነው?» አለኝ።

«አረንጓዴው ነው።»

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ...» አለና መነጽሩን አወረደ። «እዚህ ምንም የለም። ከየት ላምጣልሽ? ቢኖር ባወጣሁልሽ።» ያም ሆኖ ዝም ብሎ አልመለሰኝም፤ በኮምፒውተሩ ለማብራት ግማሽ ሰዓት ደከመ። የወጣው ግራጫ አቧራ ነው። «ሁለታችሁም ኑና እኔ በነጻ አነሳችኋለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ብንመጣማ ምን ቸገረኝ ልለው ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ንዴቴን በሱ ላይ አላወጣሁም።

እጄን አጣጥፌም አልተቀመጥኩም። ልጅቷን ለአክስቷ፣ ለእህቴ ማዳም፣ ደውላ የእህቴን ፊት ከኔ ጋር በቪዲዮ ለእናታችን እንድናሳይ እንድታስፈቅድልኝ ለመንኳት። ደወለች፤ እውነት ለመናገር ደጋግማ ነው የደወለችው። አክስትየው «የሠራተኛዬ ምስል ከቤቴ አይወጣም፤ ዛሬ ለእናቷ ነው ይባላል፣ ነገ ለኤምባሲ ይሆናል» አለች። ማዳምን ብለምናትስ? «ገና አሁን ታረቅን፤ በሠራተኛ ምክንያት እንደገና ልጣላ?» አለችኝ። የሁለት እህትማማቾች ፍቅር እንዳይደፈርስ የሌሎቹ ሁለት እህትማማቾች ነገር ይቅር ተባለ።

ከዚያ የኔ ጥፋት ይመጣል። ይህን አልደብቅም። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ አገር ቤት ላለው አጎቴ ላክሁት፤ እናቴ ስልክ ከማንሳት ሌላ ስለማትችል እንዲያሳያት። እናት ናት፤ ፊት ባይኖርም አቋቋም ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። እህቴ አንድ እግሯ ላይ ተደግፋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው የቆመችው፤ ዓለም ቢሳሳት እናቴ አትሳሳትም አልኩ። በድምፅም ሁሉን ነገር አስረድቼ ላክሁ፤ ፀሐይዋ ከኋላ ስለነበረች ነው፣ ፊልሙ ለሰው የሚሆነው ስላልነበረ ነው ብዬ።

አጎቴ ከሁለት ቀን በኋላ ደወለልኝ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ውጭ ወጥታ ብርሃን ላይ ረጅም ጊዜ አይታዋለች። ከዚያ «ይቺ ትልቋ ናት» ብላለች፤ በእጇ እኔን ነክታ። «አጠገቧ ያቆሟት ሴት ግን ልጄን ለመምሰል ምን ያህል ደክማለች! አንገቷን እንኳ እንደሷ አዘንብላለች። ለካ እየደወለች ስታናግረኝ የኖረችውም ይቺ ናት። ፊቷን ለምን አጠፉት? ልጄ ብትሆን ፊቷን ያጠፉት ነበር?»

በማግሥቱ ልቅሶ ተቀመጠች። ጎረቤት መጣ፣ ቁርኣን ተቀራ፣ ሰደቃ ወጣ። የእህቴን የልጅነት ቀሚስ አውጥታ ለደሃ ልጅ ሰጠች። አጎቴ አልሞተችም ብሎ ቢምልላት «ለወንድሟም ምላችሁልኝ ነበር» አለችው። በቪዲዮ ስደውልላት አታነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ አንስታ ፊቴን አየችና «አንቺ አለሽ፤ አልሐምዱሊላህ። ከእንግዲህ ግን አትዋሺኝ» ብላ ዘጋችው።

በጣም የሚያቃጥለኝ ለእህቴ አስቀድሜ መንገር አለመቻሌ ነው። ስልክ የላት፣ መንገድ የለኝ። ወሯ ደርሶ ማዳሟ ስልኩን ሰጠቻት፣ እሷም ምንም ሳታውቅ ለእናታችን ደወለች። ከዚያ ማዳሟን ለምና ለኔ ደወለችልኝ። አታለቅስም ነበር። ድምፅዋ የኔው ድምፅ ነው፤ ራሴን የምሰማ ነው የመሰለኝ።

«እቴቴ፣ እማ አነሳችው» አለችኝ። «እኔ ነኝ አልኳት። የልጅነት ስሜን አልጠየቀችኝም። ቀስ ብላ ‹አላህ ይስጥሽ ልጄ› አለችኝ። ‹ይህን ያህል ጊዜ ልጄን ሆነሽ ስላጽናናሽኝ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። አሁን መርዶውን ሰምቻለሁ፤ ከእንግዲህ አትድከሚ። አንቺም እናት ይኖርሽ ይሆናል፤ ለሷ ደውዪላት› አለችኝ።»

«ከዚያስ? ምን አልሻት?» አልኳት።

«ምን ልበላት እቴቴ? መረቀችኝ፤ አሜን አልኳት።»